ቁልፉን ስትለቁ የምትነሳ ቮልስ፦ የማሳ ችግር አፈላለግ

የአባቴ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ናት፤ 12 ቮልት። ፑንቲናዋን (የቦቢናውን ኮረንቲ እየከፈተ እየዘጋ እሳት የሚያስነሳውን) አውጥቼ በምትኩ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል የገጠምኩላት ባለፈው ክረምት ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ አለው፦ ቀዩ ቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያወጣው) ፕላስ ላይ፣ ጥቁሩ ማይነሱ ላይ። አቀያይራችሁ ብታስሩ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ሁለቴ እዩ። የማሳ ሽቦ ግን የለውም፤ ማሳ ማለት ኮረንቲው በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ማይነስ የሚመለስበት መንገድ ነው። ለምን እንደሌለው ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ሁለተኛ ሞጁል አልገዛም ነበር። ማሳውን የሚያገኘው ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ከተቀመጠበት ሳህን ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር የጀመረው። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ተስፋ ቆርጬ ቁልፉን ስለቅ፣ በዚያችው ቅጽበት ቷ ብሎ ይነሳል። ከዚያ አንድ እሑድ ወደ ሶደሬ ስንወርድ፣ አዋሽ መልካሳን እንዳለፍን መብራት እንደሚጠፋ ድርግም አለችና ወዲያው ተመለሰች። አንዱ ቦቢና ነው አለኝ፣ ሌላው ሞጁል። ሁለቱንም ቀየርኩ። ያው ነው።

እዚህ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ናቸው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ፣ «ልጄ፣ ሞተሪኖ ስታዞር የነዳጅ ፔዳሉን ካቦ ነክተኸው ታውቃለህ?» ያሉኝ። ሄጄ ነካሁት። ይሞቃል!

ነገሩ ወዲህ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት በጎማ ሱፖርቶ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። ከሞተሪኖው ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኮረንቲ ካምቢዮውን ከቦዲው በሚያገናኘው ጠፍጣፋ፣ እንደ ሹሩባ በተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ነው የሚያልፈው። ያ ገመድ ሲዝግ ወይም ሲላላ ኮረንቲው ባገኘው ብረት ይሄዳል፣ በነዳጁ ካቦም ቢሆን። የሞጁሉም ማሳ በዚሁ መንገድ ስለሚያልፍ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ያንሰዋል፤ ቁልፉን ስትለቁ ይመለስለታል። የእኔው አልዛገም። ፍሪሲዮን ባስቀየርኩ ጊዜ ለውበት ብዬ ካምቢዮውን ጥቁር ቀለም ቀብቼው፣ ገመዱን ከቀለሙ በላይ አስሬዋለሁ።

ለመለካት ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ሞተሩ እንዳይነሳ ከቦቢናው ፕላስ ያሉትን ሽቦዎች ነቅላችሁ ጫፋቸውን በቴፕ ጠቅልሉ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉና ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ማይነስ ላይ ያዙ፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ማሰሪያው በሚታሰርበት በራሱ በባትሪው የእርሳስ ጫፍ ላይ ይሁን። ቀዩን ጫፍ ካምቢዮው ላይ አድርጉና ሰው ሞተሪኖውን ለ3 ወይም 4 ሰከንድ ያዙርላችሁ። የእኔ 1.9 ቮልት አሳየ። ከ0.3 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ግን ፈልጉ። አፈላለጉም ቀዩን ጫፍ ደረጃ በደረጃ ማራቅ ነው፦ የባትሪው ማሰሪያ፣ ቦዲው፣ ካምቢዮው፣ ሞተሩ፣ በመጨረሻ የዲስትሪቢዩተሩ አካል። ቁጥሩ ድንገት የዘለለበት መጋጠሚያ በሽተኛው እሱ ነው።

በኦም ለክታችሁ «ደህና ነው» እንዳትሉ። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ሞተሪኖው 150 አምፔር ያህል ሲስብ 1.9 ቮልት የሚበላው ወደ 0.013 ኦም ብቻ ነው። የቴስተሩ የራሱ ገመዶች እንኳ ከዚያ ይበልጣሉ። ማሳ ሥራ ላይ እያለ ነው የሚለካው።

ጥገናው ቀላል ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ማይነስ ፍቱ። መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈትጉ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገቡ፣ አጥብቁ፤ ግሪስ ከላይ የምትቀቡት ካጠበቃችሁ በኋላ ነው። የአዳማ አቧራ የተጎነጎነውን ገመድ በልቶት ከሆነ 25 ስኩዌር ሚሊሜትር የባትሪ ገመድ በሁለት ጫፉ ኬብል ሹ (ለቡሎን ቀዳዳ ያለው የገመድ ጫፍ) አስጨምቃችሁ ተጠቀሙ። የእኔው ከዚህ በኋላ 0.2 ሆነ፣ ሞተሪኖውም ጉልበት አገኘ።

የመንገዱ ድርግም ማለት ግን አልጠፋም። እሱ ሌላ ማሳ ነው። ቫኪዩም (በሞተሩ የአየር መሳብ ሳህኑን የሚያንቀሳቅስ ክፍል) ያለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ሳህኑ ወዲህ ወዲያ ስለሚል፣ ከአካሉ ጋር የምታገናኘው አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። ሃምሳ ዓመት ስትታጠፍ ኖራ ላስቲኳ ደህና ሆኖ ውስጧ ሊበጠስ ይችላል። ቁልፉን አጥፍታችሁ ክዳኑን ክፈቱ፤ የፍሬቻ 21 ዋት አምፖል አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፕላስ፣ ሌላውን ከሳህኑ ጋር አገናኙ። አምፖሉ በርቶ ሳለ ሳህኑን በጣታችሁ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። የእኔ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ፤ እንደ መንገዱ ማለት ነው። በለስላሳ፣ ብዙ ክር ባለው ሽቦ ቀየርኳት። ደረቅ ሽቦ አትጠቀሙ፣ ሳህኑ እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያጠብቀው ማሰሪያ ሥርም ቀለም ካለ ፋቁት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ችግሩ ካልጠፋ ወደ ፕላሱ በኩል ሂዱ፦ የቁልፉ ስዊች፣ ከዚያ ቦቢናው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ክፍት ትታችሁ ግን አትሞክሩ፤ ሞጁሉም ቦቢናውም ይግላሉ።

ሁለተኛው ሞጁል አንድ ቀን ብቻ ታስሮ ወደ ካርቶኑ ተመልሷል። ቮልስ ያለው ሰው ከፈለገው በገዛሁበት እሰጠዋለሁ።