ጌም ሰሪዎችን ስታሰባስቡ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ችግሩ አይተዋወቁም። አንዱ ኮተቤ ቤቱ ተቀምጦ ኮድ ይጽፋል። ሌላዋ ሳሪስ ሆና ገጸ ባሕርይ ትስላለች። ሁለቱም «እዚህ አገር ይሄን ነገር የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ያስባሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኘት ስንጀምር ነው ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅሁት።

አሁን አሁን ከክፍለ ሀገርም ሳይቀር ይደወልልኛል። እንደኛ ዓይነት ስብስብ መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስፖንሰር ከየት እናምጣ?» እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ስፖንሰሩ ይቆየን እላለሁ። ከዚያ በፊት የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል።

ገንዘቡን ከሰዎቹ ማስቀደም

የመጀመሪያ ሥራችን ፕሮፖዛል መጻፍ ነበር። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ አሥር ኮምፒውተር ብለን ዘረዘርን። በየቢሮው ይዘን ዞርን። ያናገሩን ሰዎች ሁለት ነገር ጠየቁን፤ «ስንት ናችሁ? እስካሁን ምን ሠራችሁ?» መልስ አልነበረንም። ገና አንድ ቀን እንኳ አልተሰበሰብንምና። ሁለት ወር እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻ አንድ ካፌ የኋላ ክፍል ተገናኘን። አምስት ሰው፣ አራት ላፕቶፕ፣ አንድ ማከፋፈያ። ለማኪያቶው ሁላችንም ከየኪሳችን ከፈልን። ስብስቡ የተወለደው ያን ቀን ነው። ፕሮፖዛሉን ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልከፈትነውም።

ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ሶፍትዌር ታሪክ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶፍትዌሩን የያዘው ኩባንያ ሥራ አቆመ። ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል ከባለሀብቶቹ ጋር ተስማማ። 100,000 ዩሮ ከተገኘ ኮዱ ለሕዝብ ይለቀቃል ተባለ። ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ተሰበሰበ! ያዋጡት ብሌንደርን ይሠሩበት የነበሩ ሰዎች ናቸው። መዋጮው ሲጠየቅ ሰዎቹ አስቀድመው ነበሩ።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚያስፈልጋችሁ ጠረጴዛ፣ ሶኬት እና የማይለወጥ ቀን ነው። ከሦስቱ የሚበልጠው ቀኑ ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም መሆኑን ማንም ደውሎ አያስታውሰንም። የእናንተም ቀን እንደዚያ ይሁን። ዝናብ ቢዘንብም፣ መብራት ቢጠፋም፣ ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም ቀኑ አይነካ። አንድ ጊዜ «በዚህ ሳምንት አይመቸንም» ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ሰው ቤቱ ሆኖ «ይኖር ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀ ሰው ደግሞ ይቀራል።

የአባላትን ቁጥር እንደ እድገት ማየት

የቴሌግራም ግሩፓችን በጥቂት ወራት መቶዎችን ተሻገረ። ደስ አለን። ቅዳሜ የሚመጣው ግን ያው 12 እና 13 ሰው ነበር። ጌም ጨርሶ ያወጣ ደግሞ አንድም አልነበረም።

አሁን የምንቆጥረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጡት ውስጥ ስንቱ ተመልሶ መጣ? ሁለተኛ፣ ስንት ጌም ተጠናቀቀ? በወረቀት ላይ የተጠናቀቀ ማለቴ አይደለም። ሌላ ሰው ስልክ ላይ ተከፍቶ፣ ተጀምሮ፣ የሚያልቅ ጌም ማለቴ ነው።

ልጆች ሲመጡ ህልማቸው ትልቅ ነው። የአገራችን ጌም ሠሪ ኩባንያ ቅኔ ጌምስ የሠራውን «ኩኩሉ» አይተው፣ ያቺ ከገበሬው የምትሸሽ ዶሮ ስትሮጥ ተመልክተው፣ ከዚያም የሚበልጥ መሥራት ይፈልጋሉ። የአድዋ ጦርነት በ3ዲ፣ መቶ ተጫዋች በአንድ ጊዜ። ህልሙን አትንኩባቸው። ግን መጀመሪያ አንድ ትንሽ ነገር አስጨርሷቸው። ለዚህ ጌም ጃም የሚያህል የለም። ግሎባል ጌም ጃም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ መጨረሻ ይካሄዳል። በእኛ አቆጣጠር ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቀናት ማለት ነው። ርዕስ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ጌም ይሠራል። ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ማንም ስለ መቶ ተጫዋች አያስብም። እንቅስቃሴው አንድ፣ ቁልፉ ሁለት፣ መጨረሻው አንድ ይሆናል። እሑድ ማታ የሠራውን ሌላ ሰው ሲጫወትለት ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ አይቀርም።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ የገበታ ጌም ሠርታ መጣች። ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ፤ ሰው ሲጫወት የሠራው ሰው አይናገርም። ስልኩን ለሕንጻው ጥበቃ ሰጠናቸው። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወጡ። ጌሙ የተሠራው አንዱን ጉድጓድ ነካ ስታደርገው ጠጠሮቹ በራሳቸው እንዲበተኑ ነው። ጋሼ ግን በአውራ ጣታቸው ጉድጓዱን ጫን አድርገው ያዙ። ከዚያ ጣታቸውን ሳያነሱ ወደሚቀጥለው ጎተቱ። በእጃቸው አንድ አንድ ጠጠር የሚጥሉ ይመስል በየጉድጓዱ ላይ ቆም እያሉ ዞሩ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልሆነም። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ጋሼ እንደገና ሞከሩ። ቀና ብለው «ልጄ፣ ጠጠሩ እጄ ላይ አይገባም እኮ» አሏት። ቀጥለውም «ደሞ እኛ አገር ሲጫወቱት እንዲህ አይደለም» ብለው የሰፈራቸውን ሕግ ነገሯት።

ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣት እየጎተተ ጠጠር የሚጥልበት ገበታ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ላይ ሕጉን የሚያስመርጥ ገጽም ጨምራለች። ደግ አደረገች። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ብቻ ከ100 በላይ የገበታ ዓይነት መዝግበዋል። ለማንኛውም፣ ያ ጌም ያለ ጋሼ አውራ ጣት አያልቅም ነበር። ስብስብ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። በቴሌግራም «ዋው፣ አሪፍ ነው» የሚል መቶ ሰው ይሄን አይሰጣችሁም።

በአንድ ሶፍትዌር መንጠልጠል

ዩኒቲ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ስብስባችሁን ግን «የዩኒቲ ክለብ» ብላችሁ አትሰይሙት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ዩኒቲ ከተወሰነ ገቢና የመጫን ብዛት ያለፈ ጌም በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ነው ብሎ አስታወቀ። ዓለም ተንጫጫ። ከዓመት በኋላ ኩባንያው ራሱ ክፍያውን ሰረዘው። በመሀል ግን ብዙ ሰው ጎዶት ወደተባለ ሌላ ጌም መሥሪያ ሄደ። ጎዶት ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። የሚወርደው ፋይል ከ200 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ዳታ ለሚቆጥብ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። እኛ በፍላሽ ነው የምንቀባበለው። ዩኒቲ የሚሠራም አብሮን ይቀመጣል። የሚያገናኘን ጌሙ ነው።

ፕሮግራመር ብቻ መጥራት

ማስታወቂያችሁ ላይ «ኮድ ለምትችሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚመጣው ኮድ የሚችል ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉም ጌም ግራጫ ሳጥን ይሆናል፤ ድምፅ የለውም። ሰዓሊ ጋብዙ። ክራር የሚመታ ጋብዙ። ተረት የሚያውቅ ሰው ጋብዙ። ያለ እነሱ የሚሠራው ነገር እዚህ ይሠራ ሌላ ቦታ አይታወቅም።

የጋራ ገንዘብን በአንድ ሰው ስልክ ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ስብስቦች በብዛት የሚፈርሱት እዚህ ነው።

ለኢንተርኔትና ለቡና ብለን በየወሩ ትንሽ ማዋጣት ጀመርን። ገንዘቡ በአንዱ ልጅ ቴሌብር ይገባ ነበር። ልጁ ታማኝ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልነካም። ግን ስልኩ ተሰረቀ። ሲሙን እስኪያወጣ ቀናት አለፉ። በነዚያ ቀናት ውስጥ ሰው ማማት ጀመረ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተገኘ። ልጁ ግን ተቀየመ፤ ቀረ። ምርጡ ፕሮግራመራችን ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

መልሱን ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን እናቶቻችን ጋ አገኘነው። የሰፈር እድር እኮ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መዝገብ አለው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ምን ወጣ ይጻፋል፤ በስብሰባ ይነበባል። ማንም «አላመናችሁኝም ወይ?» ብሎ አይቀየምም፤ ደንቡ ለሁሉም ነውና። እኛም እንደዚያ አደረግን። ባንክ ሄደን በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሂሳብ ከፈትን። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ ላፕቶፕ ሳይከፈት በፊት፣ ገንዘብ ያዧ ቆማ ታነባለች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ገቢ ይሄን ያህል፣ ወጪ ይሄን ያህል፣ ደረሰኙ ይኸው።

መዋጮው አነስተኛ ይሁን፤ ግን አይቋረጥ። መክፈል ያልቻለ ተማሪ ካለ በሥራ ይክፈል፦ ወንበር ያስተካክል፣ ፎቶ ያንሳ፣ መዝገብ ይያዝ። በገንዘብ ምክንያት ሰው በር ላይ አይመለስ።

ገንዘቡ እየጨመረ ሲሄድ ሕጋዊ መሆን ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሆነው ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ምዝገባው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። በመጀመሪያው ወር አትቸኩሉ፤ ሪፖርትና ኦዲት ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ትልቅ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ሕጋዊ ሰውነት መጠየቁ አይቀርም።

ከውጭ ለሚመጣ ድጋፍ መንገዱን ሳያዩ መጠየቅ

ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያሉ ወገኖቻችን መርዳት ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ ፈረንጆቹ እንደሚያደርጉት የድጋፍ ሊንክ ለመክፈት እንሮጣለን። በኢንተርኔት ክፍያ የሚያስተላልፈው ስትራይፕ ግን ኢትዮጵያ ላለ ሰው አካውንት አይከፍትም። ለፕሮጀክት መዋጮ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ኪክስታርተርም ፕሮጀክት እንዲከፍቱ ከሚፈቅድላቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ሊንኩን አሳምራችሁ ሰው 10 ዶላር ሊልክ ሲሞክር እምቢ ካለው፣ ሁለተኛ አይሞክርም።

የተሻለው መንገድ የተወሰነ ነገር መጠየቅ ነው። የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ጌሙ 1,000 ዶላር ሲያስገባ ይመልሳል። ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። አፕል በዓመት 99። ኢች (itch.io) የተባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ነፃ ነው። «የዚህችን ልጅ የገበታ ጌም ጉግል ፕሌይ ላይ ለማውጣት 25 ዶላር ክፈልልን» ሲባል ሰው ዛሬውኑ ካርዱን ያወጣል። የት እንደገባለት ያውቃላ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አካውንቱ በአጎት ልጅ ስም ከተከፈተ ጌሙም ገቢውም በሱ ስም ነው የሚሆነው። ዘመድ ቢሆንም ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል።

ውሉን ሳያነቡ ስፖንሰር መቀበል

ስብስቡ ሲታወቅ ስፖንሰሩ ራሱ ይመጣል። ያኔ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃ ጠይቁ፦ አዳራሽ ለሁለት ቀን፣ ኢንተርኔት፣ ምሳ፣ ጄኔሬተር። ለሚሰጣችሁም ቀላል ነው፤ ለእናንተም ሒሳቡ አያጨቃጭቅም። ደብዳቤያችሁ አንድ ገጽ ይሁን። ቀኑ፣ ባለፉት ስብሰባዎች መዝገብ ላይ የፈረመው ሰው ብዛት፣ የሚያስፈልጋችሁ ነገር፣ የተጠናቀቁት ጌሞች ስም። ያ መዝገብ ከየትኛውም ፕሮፖዛል ይበልጣል።

ታዲያ አንድ ድርጅት ለውድድር ሽልማት ሊሰጠን መጣ። ውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ «ለውድድሩ የቀረቡ ሥራዎች ባለቤትነት የአዘጋጁ ይሆናል» ይላል። ያሸነፈው ብቻ አይደለም፤ የቀረበው ሁሉ! አንዷ ልጅ ናት ያየችው። በኢትዮጵያ ሕግ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። የሠራው ልጅ መብቱን አሳልፎ የሚሰጠው ሲፈርም ነው። አትፈርሙ። እኛ አረፍተ ነገሩ ይውጣ አልን። አላወጡትም፤ እኛም ተውነው። ያን ዓመት ሽልማቱ አንድ ያገለገለ ታብሌት ነበር። ጌሞቹ ግን የልጆቹ ናቸው።

ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን

የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። የግሩፑ አድሚን እኔ። ስፖንሰሮቹ የሚያውቁት የኔን ስልክ። ሦስት ወር ታምሜ ሳልመጣ ስቀር ስብሰባው አብሮኝ ቀረ። ሰው ስለጠላ አይደለም፤ በሩን የሚከፍት ጠፍቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ሦስት ቦታ አለ። አድሚኖቹ አራት ናቸው። ስብሰባውን በየወሩ ሌላ ሰው ይመራል፤ የማይናገር ዓይን አፋር ልጅ ተራው ሲደርስ እንኳ ይመራል።

ባለፈው ክረምት ለእህቴ ሠርግ ሐዋሳ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ማታ ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። የዕለቱ መዝገብ ነው። 17 ስም ተፈርሟል። ስድስቱን አላውቃቸውም።