ለቤት ሲኒማ ስክሪን ስትገዙ ከክፍላችሁ ጀምሩ

ብዙ ሰው ብሩን ፕሮጀክተሩ ላይ ይጨርስና ስክሪኑን በተረፈችው ያሟላል። ወይ ደግሞ ሱቅ ገብቶ "ትልቁን ስጠኝ" ይላል፣ 120 ኢንች ተሸክሞ ይወጣል። ሁለቱም በኋላ ያስቆጫል። ስክሪን የሚመረጠው በክፍሉ ነው። የት ነው የምትቀመጡት? መስኮቱ በየት በኩል ነው? የምታዩት ማታ ብቻ ነው ወይስ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስም አለ? እነዚህን ሳትመልሱ ብር አታውጡ።

መጀመሪያ ሜትር አንሱ። ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ ከአይናችሁ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለኩ። ያንን ለ1.4 ስታካፍሉት ትልቁን የስክሪን ወርድ ታገኛላችሁ፣ ለ1.8 ስታካፍሉት ትንሹን። ለምሳሌ ርቀቱ 3.5 ሜትር ከሆነ፣ ወርዱ ከ1.95 እስከ 2.5 ሜትር ባለው መሀል ይሁን። 100 ኢንች የሚባለው (ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ነው) 16 በ9 ስክሪን፣ ማለትም ወርዱ 16 ሲሆን ቁመቱ 9 የሚሆነው፣ ወርዱ 2.21፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ስለሆነ እዚህ ቤት ልክክ ይላል። 120 ኢንቹ ግን ወርዱ 2.66 ነው። ለአንድ ፊልም ደስ ይላል፣ 90 ደቂቃ ሙሉ ኳስ ስትከተሉበት ግን አንገት ያደክማል።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ገዝታችሁ የስክሪኑን አራት ጠርዝ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። እየተቀመጣችሁ እዩት፣ ቤተሰቡም ይየው፣ በሩ ሲከፈት ይነካው እንደሆነም ያኔ ይታወቃል። ከፍታውንም በዚያው ወስኑ፤ ሰው ሶፋ ላይ ሲቀመጥ አይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይውላል፣ ያ መስመር የስክሪኑ የታችኛው ሲሶ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ለ100 ኢንች የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 65 ወይም 70 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። እንደ ሥዕል ኮርኒስ ስር የሚሰቅሉት ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ አንጋጠው ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ ብርሃን። ሱቅ ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ ይሄንን ነው። ፕሮጀክተሩ ያለችውን ብርሃን ስክሪኑ ላይ ያከፋፍላል፤ ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ለያንዳንዱ ቦታ የሚደርሰው ይቀንሳል። ከ100 ወደ 120 ኢንች ስትሄዱ ስፋቱ በ44 በመቶ ይጨምራል፣ ምስሉም በ30 በመቶ ገደማ ይደበዝዛል። ሲኒማ ቤቶች የሚከተሉት የዲጂታል ሲኒማ ደረጃ 48 ኒት ነው፤ ኒት ስክሪኑ ምን ያህል ደማቅ እንደሆነ የሚለካበት ነው። የእናንተን ለማወቅ የፕሮጀክተሩን ሉመን፣ ማለትም የሚያወጣውን የብርሃን መጠን፣ ለስክሪኑ ስፋት በካሬ ሜትር አካፍሉ፣ የመጣውን ደግሞ ለ3.14። 300 ሉመን ያለው ፕሮጀክተር 100 ኢንች ላይ፣ ማለትም 2.75 ካሬ ሜትር ላይ፣ የሚሰጠው 35 ኒት ብቻ ነው። ያው ፕሮጀክተር 80 ኢንች ላይ 54 ይሰጣል፤ ምስሉ ወዲያው ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ፕሮጀክተራችሁ አነስተኛ ከሆነ 80 ኢንች ግዙ፣ አትፈሩ። ካርቶኑ ላይ 9000 ሉመን የሚል ርካሽ ፕሮጀክተር ካያችሁ ግን በዚያ ቁጥር አታስሉ። አንሲ ሉመን ወይም አይኤስኦ ሉመን ተብሎ የተጻፈውን፣ ማለትም በታወቀ ደረጃ የተለካውን፣ ፈልጉ። ከሌለ፣ የተጻፈው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ስክሪኖች ላይ "ጌይን" የሚባል ቁጥር አለ። 1.0 ማለት ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚበትን ተራ ነጭ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ብርሃን አይጨምርም፣ ከጎን የነበረውን ቀንሶ ወደ መሀል ይሰበስባል። መሀል የተቀመጠው ሰው ይጠቀማል፣ ጥግ ላይ ያለው እንግዳ ደብዛዛ ያያል። የኛ ሳሎን ሶፋ በሦስት ጎን የተደረደረ ስለሆነ እኔ ከ1.0 እስከ 1.1 ያለውን ነጭ ነው የምመክረው።

ስለ ጥቁር ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መርጨት አይችልም። ፊልሙ ላይ የምታዩት ጥቁር፣ ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ ስክሪኑ በዚያ ክፍል ብርሃን የሚኖረው ቀለም ነው። መብራት አብርታችሁ ባዶውን ስክሪን እዩት፤ ነጭ ከሆነ ሌሊት የሚያሳየው ትዕይንት ሁሉ ነጣ ብሎ ነው የሚመጣው። መፍትሄው በቅድሚያ መጋረጃ ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ ከውድ ስክሪን የበለጠ ለውጥ ያመጣል፣ ዋጋውም የማይነጻጸር ነው። ስክሪኑ አጠገብ ያለውን ግድግዳና ኮርኒስ ጠቆር ያለ የማያብለጨልጭ ቀለም ብትቀቡት ደግሞ የምስሉ ብርሃን ነጭ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ተመልሶ ምስሉን አያደበዝዘውም።

ክፍሉን ማጨለም የማይቻልበት ቤት አለ፣ ይገባኛል። ያኔ ግራጫ ስክሪን ወይም የክፍል ብርሃን የሚከላከለው ዓይነት ይታሰባል። ይሄኛው ውድ ነው፣ ስለዚህ ተጠንቅቃችሁ ግዙ። ግድግዳው ስር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ለሚረጭ ፕሮጀክተር የተሠራው፣ ላዩ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያሉ ጥቃቅን መስመሮች አሉት፤ ከታች የመጣውን ወደ ተመልካች ይመልሳል፣ ከኮርኒስ አምፖል የመጣውን ይውጣል። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ፕሮጀክተር ካላችሁና ይሄንን ከገዛችሁ የራሳችሁን ምስል ይውጠዋል። መስኮታችሁ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ከሆነም የትኛውም ዓይነት ብዙ አይረዳችሁም፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከፕሮጀክተሩ ጋር ከአንድ አቅጣጫ ነው። እዚያ ቤት መጋረጃ ብቻ ነው መልሱ።

የእኔ የመጀመሪያው ስክሪን ከላይ በእጅ የሚጎተተው ነበር። ለጥቂት ወራት ጥሩ ነበር። ከዚያ ጠርዙ መጠቅለል ጀመረ፣ መሀሉ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ያለ ነገር መጣ። ፊልም ላይ ብዙም አይታይም። ኳስ ስትከፍቱ ግን ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር የሜዳው ነጭ መስመር ሞገዱ ጋ ሲደርስ ይጎብጣል፣ አልፎ ይቃናል፣ እንደገና ይጎብጣል። አንዴ ካያችሁት በኋላ ሌላ ነገር አይታያችሁም። ስለዚህ ክፍሉ ለፊልም ብቻ ከሆነ በፍሬም ተወጥሮ ግድግዳ ላይ የሚቀረውን ግዙ። ሳሎን ሆኖ መሰብሰብ ካለበት፣ ግራና ቀኙ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ያለውን ምረጡ። ገመድ የሌለው ባለሞተር ስክሪን ሞተሩ ቢያምርም ሞገዱ አይቀርለትም።

ብር ካነሰ ግድግዳውን ቀቡት። ከአንሶላ በብዙ ይሻላል፣ አንሶላ ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ ይጨማደዳልም። ግድግዳው በስቱኮ የተስተካከለ መሆን አለበት። ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ከጎን አብሩበት፤ እያንዳንዱ እብጠትና ጭረት ጥላ ይጥላል። እነዚያን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ከዚያ የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም ሁለት ዙር በሮለር። ዙሪያውን ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ጥቁር ጠርዝ አውጡለት። ጠርዙ የምስሉን ትርፍ ይውጣል፣ ምስሉንም ደመቅ አድርጎ ያሳያል።

ሌላው አማራጭ አናጢ ጋ የእንጨት ፍሬም አሠርቶ ነጭ የመጋረጃ ገበር መወጠር ነው። ስትወጥሩ ከጥግ አትጀምሩ። ከአራቱም ጎን መሀል መሀሉን ያዙና ወደ ጥግ ሂዱ፣ አለበለዚያ ጨርቁ ይጣመማል።

ስትሰቅሉ ውሃ ልክ ተጠቀሙ። ስክሪኑ ትንሽ ካዘነበለ ፕሮጀክተሩን ከሱ ጋር ማዛመድ ያስቸግራል፣ ሰዉም የተጣመመ ምስል ወደሚያቃናው የፕሮጀክተሩ ኪስቶን ማስተካከያ ይሮጣል፤ እሱ ደግሞ የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። የቡና ረከቦቱንና የእጣን ማጨሻውን ደግሞ ከስክሪኑ ስር አንሱ። ጭሱ ነጩን ቀስ እያለ ያወይበዋል፣ የስክሪን ጨርቅ ደግሞ እንደ መጋረጃ አውርዶ አይታጠብም።