የኋላ የጉም መብራት እምቢ ሲል ማሳውን (መመለሻ ሽቦውን) እዩት
ዳሽቦርድ ላይ ብርቱካናማዋ የጉም ምልክት ትበራለች፣ ከኋላ ግን ምንም የለም። ከድሬ ሐረር ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ክረምት ላይ የደንገጎን ዳገት ጉም ሲውጠው ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ተራውን የኋላ መብራት የሚያየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው።

አምፖሉን በአዲስ 21 ዋት ቀየርኩ፤ የለም። ፊውዙ ደህና ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ማብሪያው ይቀየር አለ፤ ተቀየረ፣ ያው ነው።

መፍትሔው የተገኘው በቴስተር ነው። አምፖሉን አውጥቼ መያዣው ላይ ስለካ 12 ቮልት አለ። አምፖሉን አስገብቼ ስለካ ወደ 3 ወረደ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከመያዣው አንስቼ ቀለም የሌለው የቦዲ ብረት ላይ ሳሳርፈው ግን ተመልሶ 12 ሆነ። ስለዚህ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ኃይሉ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ፣ ማሳው ላይ ነው። ከፓራውልቱ ጀርባ ያለውን የማሳ ቡሎን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታሁት፤ የሽቦው ቀለበት አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ቀለበቱንም የሚያርፍበትንም ብረት እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠበቅኩት፣ ከላይ ግራሶ ቀባሁት። በራ።

በግራ ብቻ ቢበራ አትደንግጡ፤ በብዙ መኪኖች ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በሾፌሩ በኩል። የፊት መብራት ካልበራም አይሠራም። ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፤ እንደ ፍሬን መብራት ስለሚደምቅ የኋለኛውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፣ ፍሬን ስትይዙም በቀላሉ አይለይለትም።