ነጭ የናይሎን ሻሽ በሽንኩርት ልጣጭ እንዴት ይነከራል?

መጀመሪያ መለያውን እዩ። «ናይሎን» ወይም «ፖሊአማይድ» የሚል ከሆነ ቀጥሉ። «ፖሊስተር» ካለ በሽንኩርት አትድከሙ። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የፈጀሁበት የፖሊስተር ሸሚዝ ሁለቴ ሲታጠብ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

ናይሎን ፕላስቲክ ቢሆንም ውስጡ ለፀጉርና ለሐር ይቀርባል፤ ሂና ፀጉር ላይ እንደሚይዘው የእፅዋት ቀለምም እሱ ላይ ይይዛል። የፖሊስተር ክር ግን ድፍን ነው። ፋብሪካዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ቀለም የሚያስገቡበት በግፊት 130 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው ነው፣ ያንን ደግሞ በቤት ድስት አታገኙትም።

ለ100 ግራም ጨርቅ 100 ግራም ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ ያስፈልጋል። ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ ልጣጭ ግን ምንም ስለማይመዝን ትልቅ ፌስታል ጢም አድርጎ ይሞላል። ለበዓል ዶሮ ወጥ የሚሠራ ጎረቤት ካላችሁ በአንድ ቀን ይገኛል። ከዚያ ውጪ 10 ግራም አሉም ያዙ፣ ፀጉር ቤት ከተላጩ በኋላ ፊት ላይ የሚያሹት ነጭ ድንጋይ ማለት ነው። ፈጭታችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ይበቃል። ድስቱ የማይዝግ ይሁን፣ ከዚህ በኋላም ምግብ አትሥሩበት።

ሻሹን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ፤ ቅባት ካለበት ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል። ልጣጩን በ5 ሊትር ውሃ ለአንድ ሰዓት ቀቅሉና አጥልሉት። ልጣጩን አትክልት ሥር ድፉት። አሉሙን በሌላ ዕቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ ሻሹን አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ጨመቅ አድርጋችሁ ቀለሙ ውስጥ ክተቱት።

አሁን እሳቱ ላይ ነው ጥንቃቄው። እንፋሎት ይውጣ እንጂ አይንተክተክ። ለ45 ደቂቃ በእንጨት ቀስ እያላችሁ አገላብጡት። ሲያበቃ በጭራሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ናይሎን በሙቀቱ የተጨማደደው እንዳለ ይደርቅና ካውያም አይመልሰውም። እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። በቀይ ሽንኩርት ውሃው ደም ይመስላል፣ ሻሹ ግን ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይራ አረንጓዴ ነው የሚሄደው። እርጥብ እያለ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ደርቆ እስክታዩት አትፍረዱ።

«ያለኝ ፖሊስተር ብቻ ነው» ካላችሁ እርድ ሞክሩ። አልጫ ያስቀመጣችሁበት የፕላስቲክ ዕቃ ቢጫ ሆኖ አልለቅ ብሏችሁ አያውቅም? ያው እሱ ነው፣ የእርድ ቀለም ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል። አሉም አያስፈልገውም። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው የምታገኙት፣ ፀሐይም ቶሎ ያጠፋዋል፤ ጥላ ላይ አስጡት። በሳሙና ስታጥቡት ድንገት ቀይ ቢመስል አትደንግጡ፣ ሎሚ ጠብ ባደረጋችሁበት ውሃ ስታለቀልቁት ወደ ቢጫው ይመለሳል።