የሩሲያን ፕሬዝዳንታዊ ዕጩዎች ዝርዝር እንዴት እናንብብ?

የሩሲያ ምርጫ በመጣ ቁጥር ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ "ፑቲን ስንት አመጣ?" ብለው ነው። እኔ የአሸናፊውን ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው የማየው። የታሪኩ ፍሬ ነገር ያለው ዕጩዎቹ ጋ ነው። የምከተለውን መንገድ ላሳያችሁ።

ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ምርጫ አንድ ገጽ ስጡ፦ 1991፣ 1996፣ 2000፣ 2004፣ 2008፣ 2012፣ 2018፣ 2024፤ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። አንዱ ለተወዳዳሪዎቹ፣ አንዱ ሁለተኛ ለወጣው፣ አንዱ እንዳይወዳደሩ ለተከለከሉት።

ከ1996 ጀምሩ። 1991 ላይ ሩሲያ ገና የሶቪየት ኅብረት አካል ስለነበረች እሱን በኋላ ትመለሱበታላችሁ። የ1996ቱን ገጽ ግን አትቸኩሉበት። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አሥር ዕጩ ነበር። በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዝዳንት ቦሪስ የልትሲን 35 በመቶ፣ ኮሚኒስቱ ጌናዲ ዚዩጋኖቭ 32 በመቶ አገኙ። ጄኔራል አሌክሳንደር ሌቤድ ወደ 15 በመቶ ተጠግቶ ሦስተኛ ወጣ። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው የመጨረሻው የሶቪየት ኅብረት መሪ ሚካኤል ጎርባቾቭ ግን ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ! ከዚያ የልትሲን ሌቤድን የጸጥታ ምክር ቤት ጸሐፊ አድርገው ሾሙት፤ በሁለተኛው ዙርም 54 ለ40 አሸነፉ። ሩሲያ ሁለተኛ ዙር ያየችው ያኔ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ሜዳው እኩል ነበር አትበሉ። ትልልቆቹ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለየልትሲን ወግነው ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ከ1996 ወዲህ ሁለተኛ የወጣው ሁልጊዜ የኮሚኒስት ፓርቲ ዕጩ ነው። ኒኮላይ ካሪቶኖቭን ተከታተሉት። በ2004 13.7 በመቶ ነበረው። ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ሰው፣ ያው ሁለተኛ ደረጃ፣ ድምፁ ግን 4.3 በመቶ። እኔን ከአሸናፊው ቁጥር ይልቅ ይሄ ነው የሚያስደነግጠኝ።

ዕጩው ስለ ተቀናቃኙ ምን እንዳለም ጻፉ። በ2004 ሰርጌይ ሚሮኖቭ ፑቲንን እደግፋለሁ እያለ ነው ከፑቲን ጋር የተወዳደረው።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ አደራ፣ እንዳታልፉት። ዱማ (የሩሲያ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት) ውስጥ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ለዕጩው የድጋፍ ፊርማ አይጠየቅም። ከዚያ ውጪ ያለ ፓርቲ 100,000፣ የግል ተወዳዳሪ 300,000 ፊርማ ያመጣል። ቀድሞማ ሁለት ሚሊዮን ነበር። በ2012 ግሪጎሪ ያቭሊንስኪ የወደቀው በፊርማ ነው። በ2018 የፑቲን ተቃዋሚ የነበረው አሌክሲ ናቫልኒ በፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት ተከለከለ። በ2024 የካተሪና ዱንትሶቫ ሰነድሽ ስህተት አለበት ተባለች። የዩክሬኑን ጦርነት የተቃወመው ቦሪስ ናዴዥዲን ደግሞ በፊርማ ጉድለት ታገደ። ለእሱ ለመፈረም በጥር ብርድ የተሰለፈው ሕዝብ በውጤቱ ሠንጠረዥ ላይ የለም። በደብተራችሁ ላይ ግን ይኑር።

አሁን የፑቲንን ቁጥር ጻፉ፦ በ2000 53 በመቶ፣ በ2024 87 በመቶ። ከጎኑ ያሉትን ዓምዶች ስለሞላችሁ ቁጥሩን በምን ዓይን እንደምታዩት ታውቃላችሁ።

ቀጣዩ መደበኛ ምርጫ በ2030 ነው። የዕጩዎች ምዝገባ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት ወራት ስለሚካሄድ ሦስተኛውን ዓምድ ቀድማችሁ መሙላት ጀምሩ።