ከስቴት ውጭ ርካሽ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ስቴት የሚመጣን ተማሪ ብዙ ጊዜ ከነዋሪው ልጅ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያስከፍላሉ። ይህን ልዩነት ሊያቃልል የሚችለው በውጤት የሚሰጠው የሜሪት ስኮላርሺፕ ነው። ጎበዝ ልጅ እያላቸው ዕድሉ የሚያመልጣቸው ቤተሰቦች ግን ብዙ ናቸው።

በስኮላርሺፑ መጠን መወሰን። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የትምህርት ክፍያው 33 ሺህ፣ ማደሪያና ምግብ 14 ሺህ፣ መጽሐፍና የአውሮፕላን ቲኬት 3 ሺህ ዶላር ነው እንበል፤ ድምሩ 50 ሺህ። የ15 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ቢሰጥ እንኳ በየዓመቱ 35 ሺህ ይቀራል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቢማር የትምህርት ክፍያው 12 ሺህ አካባቢ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የፌደራል እርዳታ፣ ፔል ግራንት (በ2025-26 ጣሪያው 7,395 ዶላር)፣ ልጁ በሄደበት ይከተለዋል፤ የስቴት እርዳታ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። የጆርጂያው ሆፕ ስኮላርሺፕ ለምሳሌ ከጆርጂያ ውጭ አይሠራም።

ስኮላርሺፑ የማይለወጥ የዶላር መጠን ከሆነ፣ የትምህርት ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር ጭማሪው በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። የነዋሪውንና የውጭውን ክፍያ ልዩነት ራሱን የሚያነሳ ዌቨር (የክፍያ ምሕረት) ይሻላል፤ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ አለው። በቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በውድድር የተገኘ ቢያንስ የ1,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ተማሪውን እንደ ነዋሪ እንዲከፍል ሊያደርገው ይችላል። እዚያ 1,000 ዶላር ሌላ ቦታ ከሚሰጥ 10 ሺህ ሊበልጥ ይችላል።

ስም ብቻ መከተል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ከስቴት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ይጨምራሉ፤ የሚሰጡትም ስኮላርሺፕ ጥቂት ነው። የአላባማና የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ጂፒኤ (የትምህርት ውጤት አማካይ) እና የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች) ውጤት ስንት ዶላር እንደሚያስገኝ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ልጁ ሳያመለክት ድርሻውን ማወቅ ይችላል።

ፈተናንና ቀንን ማዘግየት። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የመጨረሻ ቀን ከመግቢያ ማመልከቻው ቀን ሊቀድም ይችላል፤ ኖቬምበር 1 ወይም ዲሴምበር 1 የተለመዱ ናቸው። «ፈተና ግዴታ አይደለም» የሚል ትምህርት ቤትም ለስኮላርሺፕ ውጤት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በ11ኛ ክፍል ጸደይ ላይ መፈተን፣ በበጋ ማጥናትና በመኸር መድገም ይበጃል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ኤስኤቲን ሁለት ጊዜ በነፃ መፈተን ስለሚችሉ ካውንስለሩን ይጠይቁ።

የስቴቶችን ስምምነት አለማወቅ። ሲያትል፣ ዴንቨርና ላስ ቬጋስ ያሉ ቤተሰቦች የምዕራብ ስቴቶች ልውውጥ የሆነውን ደብሊው ዩ ኢን ይመልከቱ፤ ክፍያው ከነዋሪው 150 በመቶ አይበልጥም። ሆኖም ሁሉም ካምፓስና ሁሉም የትምህርት ዘርፍ አይገባበትም፤ ነርሲንግ ካሰቡ በተለይ አስቀድመው ያጣሩ። ለሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ጆርጂያ ነዋሪዎች አካደሚክ ኮመን ማርኬት አለ፦ በስቴትዎ የማይሰጥ የትምህርት ዘርፍ ሌላ ስቴት ውስጥ በነዋሪ ዋጋ ይማሩበታል። የስቴትዎ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ልጁ ዘርፉን ከቀየረ ግን ቅናሹን ያጣል። ሚኒሶታም ከዊስኮንሲንና ከሁለቱ ዳኮታዎች ጋር ስምምነት አላት። ዲሲ ታግ የተባለው ድጎማ ደግሞ ለዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ብቻ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አያገኝም።

«አንድ ዓመት ከቆየ ነዋሪ ይሆናል» ማለት። ብዙ ስቴቶች የ12 ወር ኑሮ ይጠይቃሉ፤ ለትምህርት ብሎ የመጣን ግን አይቆጥሩም። በወላጆቹ የሚደገፍ ልጅ ነዋሪነቱ በወላጆቹ አድራሻ ይወሰናል።

ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስበትን ሕግ አለማንበብ። ብዙ ስኮላርሺፖች 3.0 ጂፒኤ እና ሙሉ ጊዜ ተማሪነት፣ ማለትም በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት ይጠይቃሉ። 12 የያዘ ልጅ አንድ ኮርስ ቢጥል ከመስመሩ በታች ይወርዳል። የኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዓመት ከባድ ስለሆነ ውጤቱ ለጊዜው ከወረደ የማሻሻያ ሴሚስተር ይሰጥ እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከ8 ሴሚስተር በኋላ ይቆም እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከውጭ የተገኘ ስኮላርሺፕ የዩኒቨርሲቲውን እርዳታ ይቀንስ እንደሆነም አብረው ይጠይቁ።

ጉድለቱን በብድር እሞላለሁ ማለት። በወላጅ የሚደገፍ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከፌደራል መንግሥት መበደር የሚችለው 5,500 ዶላር ብቻ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወላጆች ለልጃቸው ትምህርት ከፌደራል መንግሥት የሚወስዱት ፕላስ ብድርም ለአዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ከሜይ 1 በፊት የየዩኒቨርሲቲውን የአራት ዓመት ቀሪ ወጪ ጎን ለጎን ጽፈው ያነጻጽሩ፤ ቀሪው ከእነዚህ ጣሪያዎች ካለፈ የመግቢያ ቦታ ማስያዣውን ገንዘብ አይክፈሉ።