ለአንድ ሰው የሚበቃ ሰንበት

ብቻዬን መኖር የጀመርኩ ሰሞን ሰንበቴ ይህን ይመስል ነበር። አርብ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ጋደም እላለሁ። ስልኬን እንደያዝኩ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ቅዳሜ አርፍጄ ስነሳ ያልታጠበ ድስት ይጠብቀኛል። ሥራ አልሠራሁም፤ ግን አላረፍኩም።

ሰው ባለበት ቤት አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ይጠርጋል፣ አንዱ «በሉ መሸ!» ይላል። ብቻውን ለሚኖር «መሸ» የሚለው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓት ቁረጡ። እኔ የምጠብቀው ከአርብ ጀንበር እስከ ቅዳሜ ጀንበር ነው። እሁድን የምታከብሩ በእሁዳችሁ አውሉት። ጀንበር የምትጠልቅበት ደቂቃ ስለሚቀያየር ሐሙስ አይቼ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። በብዙ አይሁድ ዘንድ የሰንበት ሻማ የሚበራው ጀንበር ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት ነው። እኔም ይህችን ልማድ ተውሻለሁ። ለዘገየ ሰው መተንፈሻ ናት።

ዋናው ሥራ ያለው አርብ ላይ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ላይ እስራኤላውያን በስድስተኛው ቀን መናውን እጥፍ ይለቅማሉ፤ ለሰንበት ያስቀመጡትም አልተበላሸም። የእኔም ዘዴ ይኸው ነው፤ እጥፍ ማብሰል። ለአንድ ሰው ማብሰል መቼም ሁልጊዜ ይተርፋል፣ ስለዚህ ከባድ አይደለም። አንድ ድስት ሾርባ፣ ዳቦ፣ ፔርሙዝ ሙሉ ሙቅ ውሃ። አንሶላ እቀይራለሁ። የወለሉን ጥግ ጥግ ግን ተዉት፤ እንግዳ አይመጣም፣ ቢመጣም ጥግ አያይም። የዕቃ ማጠቢያ ገንዳው ባዶ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ገንዳ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ብቻውን የሚኖር ያውቀዋል።

ከዚያ ወረቀት አውጡ። ያልተጨረሰውን፣ ያልተከፈለውን፣ ያልተመለሰውን መልእክት ሁሉ ጻፉና መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ጭንቅላት የሚያርፈው ነገሩ የትም እንደማይሄድበት ሲያውቅ ነው።

ስልኬን አጥፍቼ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቦት ጫማዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ሳቁ፤ ግን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ጠፍቶም ይጠራል። አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሱ፦ ቀድማችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ። የመጀመሪያው ጊዜ ለማንም ሳልናገር አጠፋሁት። እህቴ ስትደውል ስትደውል ቆይታ ጎረቤት ላከችብኝ። በሌሊት ልብሴ በሩን ስከፍት ሰውየው ከእኔ ይልቅ ደንግጦ ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው ድንገት ሲጠፋ ያስፈራል፣ እውነቷን ነው። አሁን አርብ ከሰዓት ደውዬ «ነገ ማታ እንገናኝ» እላታለሁ። ታማሚ ወይም አዛውንት ካላችሁ ደግሞ ስልኩን ለእነሱ ክፍት አድርጉት። በአይሁድ ሕግም ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል።

ሻማውን ሰፊ ሳህን ላይ አድርጉት፣ ከመጋረጃም አርቁት። አንዴ ሳይጠፋ እንቅልፍ ወስዶኝ የመስኮቱን ደፍ አቃጥያለሁ። ከዚያ ወዲህ የምገዛው አጭር ሻማ ነው፤ እራት ተበልቶ ሳያልቅ ያልቃል። ሲበራ ጮክ ብዬ «እንኳን ለሰንበት አደረሰኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ምንም ምክር አያስፈልገውም። ተኙ።

ችግሩ ያለው ከሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤቱ ጭጭ ይላል። መጽሐፉ ይሰለቻል፣ እግሬ ሳላስበው ወደ ቁም ሳጥኑ ያመራል። ብዙ ጊዜ ሰንበቴ የፈረሰችው በዚህች ሰዓት ነው። ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ። ከቤት ወጥቶ ያለ ዓላማ በእግር መሄድ በጣም ይረዳል። ድምፅ አውጥቶ ማንበብም ይረዳል፤ ቀኑን ሙሉ ያልተናገረ ጉሮሮ ይከፈታል። ከሁሉ የበለጠው ግን ሰው መጥራት ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ አንድ ወዳጄ ይመጣል። ቀጠሮው ቀድሞ የተያዘ ነው፣ መደወል የለም። ሻይ ከፔርሙዙ እንቀዳለን፣ ኩባያው ሳይታጠብ ያድራል። ካልመጣም አይከፋኝም፤ አንድ ሰዓት ያህል ይከፋኛል እንጂ።

አንዳንዴ ደግሞ «ለራሴ ብቻ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ስንፍና ይመጣል። ያኔ የማስታውሰው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5ን ነው። እዚያ ዕረፍቱ ለጌታው ብቻ አልተሰጠም፤ አገልጋዩም በሬውም አህያውም ያርፋሉ፣ ምክንያቱም ሕዝቡ ራሱ በግብፅ ባሪያ ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው ጌታም አሽከርም ራሱ ነው። ጌታው ተኝቶ አሽከሩ ድስት ሲፈትግ ከዋለ ሰንበት አልተከበረም።

ቅዳሜ ሲመሽ ሰማይ ላይ ሦስት ከዋክብት እስኪታዩ እጠብቃለሁ። ይህም የአይሁድ ልማድ ነው፤ ደመና ከሆነ ሰዓቴን አያለሁ። ከስልኩ በፊት ሁለቱን ኩባያዎች አጥባለሁ። የመሳቢያዋን ወረቀት አውጥቼ ግማሹን እሰርዛለሁ፤ አርብ ያስጨነቀኝ ነገር ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ማታ ያን ያህል አይከብድም። በቀረው ቦታ ላይ «ሻማ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ቦት ጫማውን እከፍታለሁ፣ እህቴም ትደውላለች።